ትዳር ሲፈርስ የመኖሪያ ፈቃድ ምን ይሆናል? በትዳር ጓደኛ መዝገብ የገቡ ስደተኞችና ፍቺ

«አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ወረቀትሽ ይሰረዛል» የሚለው ዛቻ በውጭ አገር ባሉ አበሻ ቤቶች እንግዳ አይደለም። አንዳንዴ ባል ይናገረዋል፣ አንዳንዴ ሚስት፤ የሚናገረው ግን ቀድሞ የገባው፣ መዝገቡ በስሙ የተከፈተው ወገን ነው። ዛቻው በአንዳንድ ሁኔታ እውነት አለው፣ በሌላው ደግሞ ፍጹም ባዶ ነው። ክፋቱ፣ የሚዝተውም ሆነ የሚዛትበት የትኛው እንደሆነ አለማወቃቸው ነው። ፍቺ የጥገኛ የትዳር ጓደኛን የመኖሪያ ፈቃድ ይነካል ወይ ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። ጎረቤት ተፋትታ ምንም አልሆነችም ማለት እኔም ምንም አልሆንም ማለት አይደለም፤ እሷ ተባረረች ማለትም እኔ እባረራለሁ ማለት አይደለም።

መልሱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሰውየው በየትኛው መንገድ ገባ፣ ትዳሩ በሕግ የፈረሰው ሂደቱ የት ሲደርስ ነው፣ በትዳሩ ውስጥስ ጥቃት ነበረ ወይ። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚመለከተው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን አሜሪካን ነው። ካናዳና አውሮፓ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ስለመለሱት ለማነጻጸሪያ ገብተዋል። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ተከታዩ ወገን ባልም ሚስትም ሊሆን ይችላል፤ ሕጉም ጾታ አይለይም። ለንባብ እንዲቀል ግን ብዙ ቦታ «ሚስት» ብዬ እቀጥላለሁ።

በባል ጥላ ሥር

የችግሩ ሥር ከኢሚግሬሽን ሕግ ይልቅ የጋብቻ ሕግ ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የቆየ ሕግ ያገባች ሴት የራሷ ሕጋዊ ሰውነት በባሏ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታይ ነበር። ይህ አስተሳሰብ በ1855 ወደ አሜሪካ የዜግነት ሕግ ገባ፤ አሜሪካዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ዜጋ ሆነች። በ1907 ደግሞ ግልባጩ መጣና የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን እንድታጣ ተደነገገ። የካሊፎርኒያዋ ኤቴል ማኬንዚ የብሪታንያ ተገዥ አግብታ የመራጭነት መብቷን በመነፈጓ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብትሟገትም በ1915 ተፈረደባት። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1922 በወጣው የኬብል ሕግ ነው።

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1930) የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ላገባች የውጭ አገር ሴት ዜግነት ሲሰጥ፣ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት ደግሞ የባሏን ዜግነት የምታገኝ ከሆነ የራሷን እንድታጣ ያዝ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1957 ያወጣው ስምምነት ጋብቻም ሆነ ፍቺ የሚስትን ዜግነት በራሱ ሊለውጥ አይገባም ብሎ ይህን አስተሳሰብ ዘጋው።

ይሁን እንጂ ከትዳር የተላቀቀው ዜግነት ብቻ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ እንደታሰረ ቀረ። በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ «ሚስት» የሚለውን «የትዳር ጓደኛ» ብሎ ባልንና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ጥገኝነቱን ግን አላስቀረም። ዛሬም የዲቪ፣ የሥራም ሆነ የአሳይለም መዝገብ ዋና ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ሌላው በእሱ ስም ይከተላል። የተከታዩ መብት የሚለካው በባለመዝገቡ ነው።

በጥርጣሬ የተወለደው የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ

እስከ 1986 ድረስ የአሜሪካ ዜጋ ያገባ ስደተኛ በቀጥታ ቋሚ ነዋሪ ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የጸደቀው የጋብቻ ማጭበርበርን የሚከላከል ማሻሻያ ይህን ቀየረው። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው የሚሰጠው ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ሆነ። ጊዜው ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት በጋራ ፈርመው ፎርም አይ-751ን ካላስገቡ መኖሪያው ይቋረጣል። የዛቻው ሕጋዊ ጉልበት ከዚህ ይመነጫል፤ ፊርማው የሁለት ሰው ነውና አንዱ እምቢ ማለት ይችላል።

ሕጉ ሲወጣ ዋናው ማስረጃ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለሴኔት ያቀረበው ጥናት ነበር፤ በትዳር ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች 30 ከመቶ ያህሉ የማጭበርበር ጥርጣሬ አለባቸው ይላል። ቁጥሩ የተረጋገጠ ማጭበርበርን ሳይሆን ጥርጣሬን ይቆጥር ነበር። ከዓመታት በኋላ በሰሜን ካሮላይና ፌዴራል ፍርድ ቤት በታየ ክርክር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጥናቱ በስታቲስቲክስ ረገድ የማያስተማምን እንደነበር አመነ። ሕጉ ግን በቦታው ቆየ። የተመሠረተበት ቁጥር ወድቆ ሕጉ መጽናቱ በዚህ መስክ ካየሁት ሁሉ እጅግ የሚያሳስበኝ ነው፤ ዛሬም ስለ «የውሸት ጋብቻ» ሲወራ ያ ቁጥር ምንጩ ሳይጠቀስ ይነሳልና።

የመጀመሪያው ሕግ ለተፋታ ሰው የሰጠው መውጫ ጠባብ ነበር። ትዳሩን በበቂ ምክንያት ያፈረሰችው ራሷ ስደተኛዋ መሆን ነበረባት። ባል ቀድሞ ከፈታት መውጫው ይዘጋል። ይህ ባሎች ለፍርድ ቤት እንዲሽቀዳደሙ በር ከፈተ። ኮንግረስ በ1990 አሻሻለው። ከዚያ ወዲህ ማን ፈታ፣ ጥፋቱ የማን ነው አይባልም፤ ጋብቻው ሲፈጸም በቅን ልቦና ነበር ወይ ነው ጥያቄው። ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ የደረሰባት ሚስት ብቻዋን ማመልከት እንድትችልም ያኔ ተጨመረ። ዛሬ የተፋታች ሚስት አይ-751ን ያለ ባሏ ፊርማ ታስገባለች፤ የ90 ቀኑ መስኮት እስኪከፈትም መጠበቅ የለባትም።

«ቅን ልቦና» የሚለካው በጋብቻው ቀን ነው። የዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1975 ባርክ በተባለው ጉዳይ እንደወሰነው፣ መለኪያው ሁለቱ ሲጋቡ አብሮ የመኖር ሐሳብ ነበራቸው ወይ የሚለው ነው፤ በኋላ መለያየታቸው ብቻውን ጋብቻው ሐሰት ነበር አያሰኝም። ትዳር ከሸፈ ማለት ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ይህ ልዩነት በሕግ ከተጻፈ ግማሽ ምዕት ዓመት ቢሞላውም በየቤቱ ገና አልገባም።

በየትኛው በር ተገባ?

ከሁሉ የሚበዛው ግራ መጋባት ያለው ዲቪ ላይ ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው ሚስት የምትገባው ተከታይ ሆና ነው። የሁለት ዓመቱ ቅድመ ሁኔታ ግን የተጣለው በዜጋ ወይም በቋሚ ነዋሪ አመልካችነትና በእጮኛ ቪዛ በመጡት ላይ ብቻ ነው። የዲቪ ተከታዮች ከዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጋብቻው የስድስት ወር ዕድሜ ብቻ ቢኖረውም፣ በባሏ ዲቪ የገባች ሚስት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ቋሚ ነዋሪ ናት። በማግስቱ ቢፋቱ ፍቺው ብቻውን ካርዷን አይወስድም። ባል የሚጽፈው ደብዳቤም ጋብቻው ከጅምሩ የገንዘብ ውል ካልነበረ በቀር የሚፈይደው የለም።

ከመግባቷ በፊት ያለው ጊዜ ግን ሌላ ነው። ከቪዛው ወይም ከጉዞው በፊት ከተፋቱ የተከታይነት መብቷ ያበቃል፤ ዲቪው የደረሰው ለእሱ ነውና። ዕጣው ከወጣ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ባይከለከልም፣ በዲቪ ስም የሚሸጥና የሚገዛ ጋብቻ በመኖሩ እውነተኛውም ጭምር በጥርጣሬ ይመረመራል።

አንድ ዓይነት ባልና ሚስት በሌላ በር ቢገቡስ? ባልየው በዲቪ ቀድሞ ገብቶ፣ ሚስቱ ዲቪው በሚያበቃበት በሴፕቴምበር 30 ሳትደርስ ብትቀር፣ በቋሚ ነዋሪነቱ አዲስ ማመልከቻ ያስገባላታል። አሁን ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከገባች የምታገኘው የሁለት ዓመት ካርድ ነው። ማመልከቻው ተፈቅዶ እሷ ገና አዲስ አበባ ሳለች ቢፋቱ ደግሞ ፈቃዱ ወዲያው ይሻራል። ሰርጋቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሕጉ ሁለት ዓይነት ዕጣ ይሰጣቸዋል።

የአሳይለም በር ከዚህም ይብሳል። አሳይለም ያገኘ ሰው በተፈቀደለት ጊዜ ባለትዳር ከነበረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አመልክቶ ሚስቱን ማምጣት ይችላል። እሷም የእሱን መብት ይዛ ትሠራለች፣ ትማራለች፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ግሪን ካርድ ትጠይቃለች። ሕጉ ግን ግሪን ካርዱ እስኪሰጣት የእሱ ሚስት ሆና እንድትቆይ ይፈልጋል። በመካከሉ ከተፋቱ ለግሪን ካርዱ ብቁ አትሆንም፤ በራሷ ምክንያት አዲስ የአሳይለም ጉዳይ ማቅረብ ይኖርባታል። ከካምፕ በስደተኝነት ተመርጠው ለሠፈራ የመጡ ባልና ሚስት ግን በዚህ አይያዙም፤ ሚስትየው ከገባች በኋላ ብትፋታም ግሪን ካርዷን ታገኛለች። ሁለቱም ሴቶች ከአንድ ስደት ሸሽተው ሊሆን ይችላል። የሚለያዩት ጉዳያቸው ናይሮቢ በስደተኝነት ወይስ አርሊንግተን በአሳይለም በመታየቱ ነው። ይህን ልዩነት የሚደግፍ አሳማኝ ምክንያት አላገኘሁም፤ በሁለት አንቀጾች አጻጻፍ መካከል የተፈጠረ ክፍተት እንጂ ታስቦበት የተደረገ አይመስልም።

በጊዜያዊ ቪዛ የመጡ ተከታዮች ከሁሉ ደካማ ናቸው። የተማሪ ሚስት (ኤፍ-2)፣ የኤች-1ቢ ሠራተኛ ሚስት (ኤች-4)፣ በዓለም ባንክና በዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚሠራ ሰው ሚስት (ጂ-4) ፈቃዳቸው ከትዳሩ ጋር ይወለዳል፣ ከትዳሩም ጋር ይሞታል። የመጨረሻው የፍቺ ውሳኔ በተሰጠበት ቀን ተከታይነታቸው ያበቃል። በየቦታው የሚነገረው የ60 ቀን የእፎይታ ጊዜ የተደነገገው ሥራቸውን ላጡ ሠራተኞችና ለቤተሰባቸው ነው፤ ለፍቺ አይሆንም። ከፍቺው በፊት በራሷ ስም የተማሪ ወይም ሌላ ቪዛ ካልጠየቀች መሄጃ የላትም። ኤፍ-2 መሥራት ፈጽሞ አይፈቀድላትም፤ ለኤች-4ም ቢሆን ሥራ የተፈቀደው ከ2015 ወዲህ፣ ያውም ባሎቻቸው በግሪን ካርድ ሂደት ላይ ላሉ ለተወሰኑት ነው። በጂ-4 ጉዳይ ሕጉ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ሞቶባት የቀረች ሚስት በሁኔታው ቋሚ ነዋሪ እንድትሆን መንገድ ሠርቷል፤ ለተፈታችው ግን ምንም የለም።

ለእጮኛ ቪዛ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2011 መልስ ሰጥቷል፦ በ90 ቀን ውስጥ ከአመልካቿ ጋር በቅን ልቦና የተጋባች ሰው ግሪን ካርዱ ሳይሰጥ ትዳሩ ቢፈርስም ጉዳይዋን መቀጠል ትችላለች።

በዜግነትም ላይ ፍቺ ጥላውን ይጥላል። ዜጋ ያገባ ቋሚ ነዋሪ በሦስት ዓመት ዜግነት መጠየቅ የሚችለው ትዳሩ እስከ መጨረሻው ከቀጠለ ነው፤ ከተፋታ ወደ አምስት ዓመቱ ይመለሳል። በትዳር ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ተፋትቶ አዲስ የትዳር ጓደኛ ለማምጣት ቢያመለክት ደግሞ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያው ጋብቻ ከልብ እንደነበር በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማስረዳት አለበት።

የፍርድ ቤቱ ጊዜና የኢሚግሬሽኑ ጊዜ

መለያየትና መፋታት ለኢሚግሬሽን አንድ አይደሉም። ባልና ሚስት ቤት ለይተው ቢኖሩም ፍርድ ቤት እስካልፈታቸው ድረስ ሕጉ ባለትዳር ናቸው ይላል። ይህ አንዳንዷን ይጠቅማል፣ አንዳንዷን ያስራል። የሁለት ዓመት ካርድ ያላት ሚስት በቅን ልቦና መውጫ ለመጠቀም ትዳሩ በሕግ የፈረሰ መሆን አለበት፤ ባሏ ደግሞ በጋራ አይፈርምም፤ ፍቺውም ገና አልተጠናቀቀም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ፍቺ በሂደት ላይ እያለ ያመለከተች ሰው የመጨረሻውን ውሳኔ እንድታቀርብ 87 ቀን እንዲሰጣት አደረገ። ነገር ግን ፍቺ በየስቴቱ ሕግ ይመራል። ቨርጂኒያ ጥፋት ላልተጠቀሰበት ፍቺ የአንድ ዓመት መለያየት ይጠይቃል፤ ልጅ ከሌለና በጽሑፍ ከተስማሙ ስድስት ወር። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ጊዜውን ወደ ስድስት ወር አሳጥሯል። እንግዲህ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ሴትና ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት በወንዝ ብቻ ተለይተው ሳሉ፣ አንዷ ካርዷ ሳያበቃ የፍቺ ወረቀቷን ታገኛለች፣ ሌላዋ ላታገኝ ትችላለች።

በኢትዮጵያ የተፈጸመ ጋብቻና ፍቺ የራሱ ውስብስብነት አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ሽምግልና ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። በሌላ በኩል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ሕይወት የመሠረቱ ባልና ሚስት ትዳራቸው በተግባር እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል ወስኗል። ለውርስና ለንብረት ይህ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ለኢሚግሬሽን ግን ቀን የሌለው ፍቺ ጣጣ ነው። የዲቪ ፎርም የሞላ ሰው በሕግ ያልተፋታትን ሚስቱን «ከተለያየን ቆይተናል» ብሎ ሳያስመዘግብ ቢቀር ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ ያገባም እንደሆነ የመጀመሪያው ትዳር መቼ እንደፈረሰ የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል።

ሞት ከፍቺ ተለይቶ ይታያል። እስከ 2009 ድረስ ዜጋ ያገባ ስደተኛ ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባለቤቱ ከሞተበት መብቱን ያጣ ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ኮንግረስ ይህን አነሳ፤ ለሌሎች ብዙ ተከታዮችም ጥበቃ አደረገ። ሕግ አውጪው ባል የሞተባትን ሴት አዝኖ ተመልክቷታል። የተፈታችዋን ግን በዚያ ዓይን አላያትም።

ጥቃት ሲኖር

በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ሕግ (በተለምዶ ቫዋ የሚባለው) ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በሆነ የትዳር ጓደኛ የተጠቃ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በራሱ ስም ለግሪን ካርድ እንዲያመለክት ፈቀደ። በ2000 ሲሻሻል፣ ፍቺው ከጥቃቱ ጋር ከተያያዘ ከፍቺ በኋላም እስከ ሁለት ዓመት ማመልከት ተቻለ። ጥቃት ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። የዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2003 በወሰነው የሄርናንዴዝ ጉዳይ የሥነ ልቦና ጭካኔም «ከባድ ጭካኔ» ውስጥ ገብቷል።

በ1996 የተጨመረውን ድንጋጌ በእኛ ማኅበረሰብ ያሉ ብዙዎች አያውቁትም። የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ጥቃት የፈጸመው ወገን ብቻውን በሰጠው መረጃ ተነስተው ተጠቂዋን የሚጎዳ ውሳኔ እንዳይሰጡ ይከለክላል፤ የማመልከቻዋንም ምስጢር እንዲጠብቁ ያስገድዳል። «አንድ ደብዳቤ ብጽፍ» ለሚል ሰው ሕጉ ቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው።

ለጊዜያዊ ቪዛ ተከታዮች ግን ይህ ጥበቃ ተቀንሶ ነው የደረሳቸው። የኤች-1ቢ ሠራተኛ ወይም የዲፕሎማት ሚስት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ እንድትችል በ2000ዎቹ አጋማሽ ተደነገገ፤ መኖሪያ ግን አይሰጣትም። ለወንጀል ሰለባዎች የተዘጋጀው ዩ-ቪዛ ቢኖርም በዓመት 10,000 ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው የዓመታት ነው።

የስፖንሰሩ ግዴታ

በቤተሰብ ማመልከቻ የሚያመጣ ሰው ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ በፎርም አይ-864 ይፈርማል፤ ያመጣው ሰው ገቢ ከድህነት መለኪያው 125 ከመቶ በታች እንዳይወርድ ሊደግፈው ይገደዳል። ይህን ግዴታ ፍቺ አያቋርጠውም። የሚያበቃው ሰውየው ዜጋ ሲሆን፣ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ታሪክ (40 ሩብ ዓመት) ሲያከማች፣ አገር ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው። የተፈቱ ሚስቶች በዚህ ውል ከስሰው በ2012ና በ2016 በይግባኝ ፍርድ ቤቶች አሸንፈዋል። በዲቪ የመጡት ግን በዚህ አይጠቀሙም፤ ለዲቪ የሚፈረመው ሌላ፣ ቀለል ያለ ፎርም ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት መለሱት?

ከሁሉ የሚያስተምረው የካናዳ ልምድ ነው። ካናዳ በኦክቶበር 2012 የአሜሪካን አምሳያ ተከትላ አዲስ የተጋቡና ልጅ የሌላቸው ተከታዮች ለሁለት ዓመት ከአምጪያቸው ጋር አብረው እንዲኖሩ ቅድመ ሁኔታ ጣለች። ምክንያቱ ያው ማጭበርበር ነበር። ለተጠቂዎች ልዩ መውጫም ተዘጋጅቶ ነበር። በኤፕሪል 2017 ግን አነሳችው፤ ተከታዮች ጥቃት ባለበት ቤት እንዲቆዩ የሚያደርገው ጉዳት ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል ተብሎ። ልዩ መውጫው ወረቀት ላይ ቢኖርም፣ መውጫ መኖሩን የማታውቅና ማስረጃ የሌላት ሴት አትጠቀምበትም።

የአውሮፓ ኅብረት ጥገኝነቱን በጊዜ ይለካዋል። በ2003 የወጣው የቤተሰብ ውህደት መመሪያ ተከታዩ ቢዘገይ በአምስት ዓመት የራሱን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል፤ ጀርመን ሦስት ዓመት አድርጋዋለች። የጀርመኑ ታሪክ ራሱ ውጣ ውረድ ነው፦ በ2000 ከአራት ዓመት ወደ ሁለት ወረደ፣ በ2011 ደግሞ የጋብቻ ማጭበርበርን ለመከላከል በሚል ወደ ሦስት ወጣ። በነፃ ዝውውር ሕግ የሚተዳደሩት የአውሮፓ ዜጎች ሚስቶች የተሻለ መብት አላቸው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1985 በዲያታ ጉዳይ በርሊን ውስጥ ከፈረንሳዊ ባሏ ተለይታ ለምትኖር ሴኔጋላዊት ትዳሩ እስካልፈረሰ መብቷ እንዳለ ነው አለ። በ2004ቱ መመሪያ ደግሞ ትዳሩ ሦስት ዓመት ከቆየና አንዱን ዓመት በሚኖሩበት አገር ካሳለፉ ፍቺ መብት አያስቀርም። ፍርድ ቤቱ በ2015 ዜጋው ከፍቺ ክሱ በፊት የሚኖሩበትን አገር ለቆ ከሄደ የሚስቱ መብት አብሮ ይጠፋል ብሎ ነበር፤ በ2021 ግን የቤት ውስጥ ጥቃት ባለበት ይህ እንደማይሠራ ወሰነ። የኢስታንቡል ስምምነት አንቀጽ 59ም ትዳር ሲፈርስ ለተጠቂዎች ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ አብዛኞቹ ወገኖቻችን በአሠሪ ስም የገቡ ስለሆኑ ጥያቄው በዚህ መልኩ አይነሳባቸውም። ሆኖም የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በ2018 ለተፈቱና ለመበለቶች ያለ ስፖንሰር የአንድ ዓመት መኖሪያ መፍቀዷ በዚያ አካባቢ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ያልተቋጨው ክርክር

ክርክሩ ሦስት ወገን አለው። የመጀመሪያው፣ ሰውየው የገባው በትዳር ነው፣ ትዳሩ ካበቃ የመግባቱ ምክንያት አብቅቷል ይላል። ይህን የሚሉት ሁሉ ስደተኛ ጠል አይደሉም። ካርዱ በደረሰ ማግስት የተተዉ፣ ያለ የሌለ ገንዘባቸውን አፍስሰው ያመጡት ሰው የካዳቸው ዜጎች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ አበሾች አሉ። ሕመማቸው እውነት ነው። ነገር ግን የሁለት ዓመቱ ቅድመ ሁኔታ እነሱን አያድናቸውም፤ ሊያታልል የመጣ ሰው ሁለት ዓመት መታገሥ አያቅተውም። የሚይዘው ሊያታልል ያልመጣውን ነው።

ሁለተኛው ወገን ጥገኝነቱ ይቆይ፣ ለተጠቁት ግን በቂ መውጫ ይኑር ይላል። የዛሬው የአሜሪካ ሕግ በአብዛኛው በዚህ ላይ ቆሟል። ብዙ ሰው እንዳዳነ የሚካድ አይደለም። ድክመቱ፣ ሰው መብት እንዲያገኝ ተጠቂ መሆኑን ማስመስከር አለበት። ከሁለት ዓመቱ ካርድ የቅን ልቦና መውጫ በቀር፣ ተራ ፍቺ፣ ማለትም ሁለት ደህና ሰዎች ያልተስማሙበት፣ ምንም አያስገኝም። ማስረጃውም የራሱ ችግር አለው። መርማሪው የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በሁለት ስም የተፈረመ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የግብር ፎርም ይፈልጋል። በእኛ ብዙ ቤቶች ሒሳቡም ውሉም በባል ስም ነው፣ ወይም ጥንዶቹ ከዘመድ ጋር ያለ ውል ይኖራሉ። በባሏ ቁጥጥር ሥር የኖረች ሴት ወረቀት የላትም፤ ወረቀት አለመኖሩ የጭቆናው ምልክት ሆኖ ሳለ የውሸት ጋብቻ ምልክት ተደርጎ ይቆጠርባታል።

ሦስተኛው ወገን ፈቃዱ ከጅምሩ የራሷ ይሁን ይላል። እኔም ለቋሚ ነዋሪነት ከመጡት አንጻር ወደዚህ አደላለሁ። አሜሪካ ራሷ ይህን በዲቪ ተከታዮች ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየሠራችበት ነው፤ የዲቪ ሚስት ያለ ቅድመ ሁኔታ ከገባች የዜጋ ሚስት የማትገባበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። የውሸት ጋብቻ ሲገኝ የሚቀጣ ሕግ ከዚህ ውጭ ሞልቷል። ለጊዜያዊ ቪዛ ግን ነገሩ ይከብዳል። የአራት ዓመት ተማሪ ሚስት ከባሏ የበለጠ መብት ይኑራት ማለት ያስቸግራል። ቢያንስ ከፍቺ በኋላ የራሷን ቪዛ የምትፈልግበት የተወሰነ ጊዜ ሊኖራት በተገባ ነበር። ይህን ክፍተት ፍርድ ቤት ይዘጋዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024 በሙኞዝ ጉዳይ ዜጋ የውጭ አገር የትዳር ጓደኛው እንዲገባለት የሚያስገድድ መሠረታዊ የሕገ መንግሥት መብት የለውም ብሏል፤ መብቱ የሚመጣው ከኮንግረስ ከሆነ መሻሻሉም ከዚያው ነው።

የሀገር ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባቶች፣ ኢማሞችና ፓስተሮች በዚህ ውስጥ ያላቸው ቦታ ትልቅ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፤ «ትንሽ ታገሺ» ማለትም ከእነሱ ይጠበቃል። ይሁንና የሁለት ዓመቱ ካርድ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት፣ ወይም ከፍቺ በኋላ ያለው የቫዋ ሁለት ዓመት እየነጎደ ሳለ፣ ትዕግሥት መብት ያስቀራል። ሽማግሌ ሆናችሁ ለእርቅ ስትቀመጡ ከእርቁ ቃል በፊት ካርዷን አሳዩን በሉ፤ የምድብ ኮዱ ዲቪ ነው ወይስ ሲአር (የሁለት ዓመቱ)፣ የሚያበቃበት ቀንስ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ከቀረበ፣ ወይም አሳይለም ሆኖ ግሪን ካርዱ ገና ካልወጣ፣ ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ላኳት፤ ሽምግልናውን ከዚያ በኋላ ቀጥሉ።